በዋጋ የሚታደን አጋዘን፦ ስለ ቴክሳስ ራንቾች የአደን ክፍያና ስለ አዳኝ ጨዋነት

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በተማርንበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ከቴክሳስ የመጡ አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩን። በቤታቸው ግድግዳ ላይ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተዘረጋ የአጋዘን ራስ ተሰቅሎ ነበርና ሻይ በጋበዙን ቁጥር ዓይናችን ከእርሱ ላይ አይነሣም ነበር። ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ እንዴት አድርገው እንደ ገደሉት ቢጠይቃቸው፥ ገዳዩ እርሳቸው ሳይሆኑ አባታቸው መሆናቸውን ነገሩን። አባትየው በወጣትነታቸው ጎረቤታቸው የሆነውን የከብት እርሻ ባለቤት አስፈቅደው ይገቡ ነበር፤ ሲወጡም አንድ የኋላ እግር ሥጋ ለምስጋና ትተው ይሄዱ ነበር። «ዛሬ ግን» አሉን መምህራችን፥ «በዚያው በር ለመግባት የሚጠየቀው ገንዘብ ከአባቴ የወር ጡረታ ስለሚበልጥ ጠመንጃቸውን ከሰቀሉ ቆይተዋል።»

ይህ ጨዋታ ከሐሳባችን ሳይጠፋ ስለ ኖረ ነገሩን ጠለቅ ብለን ለመመርመር ተነሣን። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፥ አዳኝ አንድ አጋዘን ለመግደል ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍለው ለምንድን ነው? ሁለተኛው፥ ገንዘብ የተከፈለበት ግዳይ የአዳኝነት ክብር ሊያሰጥ ይገባዋልን? በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አጋዘን ስንል

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በአገራችን አጋዘን የሚባለው እንስሳ በዘሩ ከድኩላ ወገን ነው፤ ቀንዱ ቅርንጫፍ የለውም፥ እስኪሞትም ድረስ ከራሱ ላይ አይወርድም። የአሜሪካው ግን የሌላ ነገድ ነው። ይህ ነገድ በአፍሪካ ከሰሜኑ ጫፍ በቀር በተፈጥሮ አይገኝም፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችም ይህንኑ እንስሳ ዋላ ብለውታል። ዛሬ ብዙው ሰው አጋዘን እያለ ስለሚጠራው እኛም ልማዱን ተከትለን «ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን» እንለዋለን።

የዚህ እንስሳ ቀንድ ውስጡ ያልተቦረቦረ እውነተኛ አጥንት ነው። የሚያበቅለው ወንዱ ብቻ ሲሆን በክረምቱ ወራት ማብቂያ ገደማ ይወድቃል፤ በጸደይ ከፋይ በሚመስል ቆዳ ተሸፍኖ እንደገና ይበቅላል፤ መጸው ሲደርስም ቆዳው ተገፍፎ አጥንቱ ይጠነክራል። የቀንዱን ትልቅነት የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ዕድሜ፥ ምግብና ዘር ናቸው። አውራው ሙሉ ቀንዱን የሚያወጣው ከአምስት እስከ ሰባት ባለው ዕድሜው ነው። እንግዲህ ትልቅ ቀንድ የሚፈልግ ሁሉ እንስሳው ቢያንስ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሳይገደል እንዲቈይ ማድረግ አለበት። አንባቢ ይህን ነጥብ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ በኋላ የምንተርከው የገንዘብ ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ትዕግሥት ነውና።

መሬቱ የግል፥ አውሬው የሕዝብ

በቴክሳስ ከመቶው 95 እጅ የሚሆነው መሬት የግል ንብረት ነው። የግዛቲቱ ሕግ ግን የዱር አውሬ ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ይላል። ስለዚህ ራንች የሚባለው ሰፊ የከብት እርሻ ባለቤት በመሬቱ ላይ የሚግጠውን የዱር አጋዘን የእኔ ነው ብሎ ሊሸጠው አይችልም። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ የመግባት ፈቃድን ነው። ነገሩ ወንዙ የአገር፥ ወደ ወንዙ የሚያደርሰው መንገድ ግን የአንድ ሰው እንደ ሆነበት ቀበሌ ነው፤ ውሃው በነጻ ይፈሳል፥ የሚጠማ ግን መንገዱን መከራየት አለበት። በአጥር ውስጥ ስለሚረቡት አጋዘኖች እንኳ ክርክር ተነሥቶ የቴክሳስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2019 የሕዝብ ሀብት መሆናቸውን ፈርዷል።

የአደን ኪራይ እንዲህ የተስፋፋው አጋዘኑ ከጥፋት ከተረፈ በኋላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ያለ ልክ ስለ ጨረሱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በመላው አሜሪካ የቀረው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ እንደ ነበር ይገመታል። በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለ አውሬ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይነገድ ከለከለ። በ1937 ደግሞ የፒትማንና የሮበርትሰን ሕግ ወጣ፤ በዚህ ሕግ መሠረት ከጠመንጃና ከጥይት የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ ሥራ ለየግዛቶቹ ይከፋፈላል። በቴክሳስ ሌላም ምክንያት ተጨመረ። ይኸውም በከብትና በአጋዘን ቁስል ላይ እንቁላሉን እየጣለ በትሉ የሚገድለው የዝንብ ዓይነት ከ1960ዎቹ ጀምሮ መካን የተደረጉ ወንድ ዝንቦችን በመልቀቅ እንዲመነምን ተደረገ፤ የሚተርፈው ግልገልም ቁጥር በረከተ። ዛሬ በቴክሳስ የሚገኘው አጋዘን ከአራት ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

በ1950ዎቹ ቴክሳስን ለብዙ ዓመታት የመታት ድርቅ ብዙ ከብት አርቢዎችን ለኪሣራ ዳርጓቸው ነበር። የላም ዋጋ ሲወድቅ፥ ሣሩም ሲደርቅ፥ ከከተማ የሚመጣ አዳኝ የሚከፍለው ገንዘብ ርስትን ከመሸጥ የሚያድን ሆኖ ተገኘ። በ1853 የተመሠረተውና 825,000 ኤከር፥ ማለት በእኛ አለካክ ከ8,000 ጋሻ በላይ የሆነው ዝነኛው ኪንግ ራንች እንኳ ከከብት ርቢው ጋር የአደን ኪራይን እንደ አንድ የገቢ ምንጭ ይዞታል።

ዋጋው ስንት ነው?

የክፍያው ዓይነት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓመታዊ ኪራይ ነው። ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው የአንድን ራንች የአደን መብት ለዓመት ይይዛሉ። ሒሳቡ ግልጽ እንዲሆንልን አንድ የታሰበ ምሳሌ እናቅርብ። 1,000 ኤከር፥ ማለት 10 ጋሻ ያህል መሬት፥ ኤከሩ በ12 ዶላር ተከራየ እንበል። ጠቅላላው 12,000 ዶላር ይሆናል፤ ስድስት አዳኞች ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 2,000 ይደርሰዋል። አውሬውን ለማስለመድ ለሚበተን በቆሎ 300፥ ለመኪና ቤንዚንና ለስንቅ 400፥ ለግዛቲቱ ነዋሪ ለሚሰጠው የአደን ፈቃድ 25 ዶላር ሲጨመር ድምሩ 2,725 ዶላር ነው። ሰውዬው በዓመቱ አንድ አውራ ገድሎ 25 ኪሎ ንጹሕ ሥጋ ቢያገኝ አንዱ ኪሎ በ109 ዶላር ገዛው ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ከየትኛውም ሥጋ ቤት የተሻለ ሥጋ ይገኛል። ከዚህ እንደምንረዳው አዳኙ የሚከፍለው ለሥጋው አይደለም።

ሁለተኛው የጥቅል ክፍያ የሚባለው ነው። በዚህኛው ውል አዳኙ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ይመጣል፤ መኝታው፥ ምግቡ፥ መሪውና መኪናው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ዋጋው የሚወሰነው በቀንዱ ልክ ነው። ልኩን የሚያወጡበት ዘዴ እንደሚከተለው ነው፤ የሁለቱ ዋና ቀንዶች ርዝመት፥ የየቅርንጫፉ ርዝመት፥ የውፍረቱ ዙሪያና በመካከላቸው ያለው ስፋት በኢንች እየተለካ ይደመራል፤ የግራና የቀኙ አለመመሳሰል ደግሞ ይቀነሳል። ይህን መለኪያ በ1950 ያጸደቀው የቡንና የክሮኬት ክበብ ነው። በዚህ ልክ 170 የደረሰ መደበኛ ቀንድ በክበቡ የዘለዓለም መዝገብ ይገባል። በ1993 በካናዳ በሳስካችዋን የተገደለው አውራ 213 ከ5/8 ሆኖ በመደበኛ ቀንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ይዟል።

እንግዲህ በራንቾቹ የዋጋ ዝርዝር ላይ እንስቲቱ በጥቂት መቶ ዶላር ስትገኝ፥ መካከለኛው አውራ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፤ ትልቁ ከ10,000 ዶላር ያልፋል። እንስሳው ሳይሞት በፊት እያንዳንዱ ኢንች ተተምኖበታል ማለት ነው። አንዳንዱም ራንች ግዳይ ካልተገኘ ክፍያ የለም ብሎ ይዋዋላል። ይህ ለገዢው ደግ ቃል ቢመስልም በውስጡ ያለውን ትርጉም በኋላ እንመለስበታለን።

የራንቹ ባለቤት ግን ያለ ወጪ የሚበለጽግ ሰው ነው ማለት አይደለም። አጋዘን እንዳይወጣ የሚያግድ ከፍታው 2.4 ሜትር የሆነ የሽቦ አጥር ለማቆም በየኪሎ ሜትሩ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈስሳል። ከዚህም ሌላ በሥነ ሕይወት የተማረ ባለሙያ፥ ፕሮቲን የበዛበት መኖ፥ የውሃ ጉድጓድና ጠባቂ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ፥ ቀደም ብለን እንዳመለከትነው፥ አንዱ አውራ እስኪበስል አምስት ዓመት መታገሥ አለበት። ዋጋው የሚወደደው እንግዲህ በስግብግብነት ብቻ አይደለም።

ስለ አዳኝ ጨዋነት

በአሜሪካ የአዳኝን ጨዋነት በደንብ መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። የቡንና የክሮኬትን ክበብ በ1887 ያቋቋሙት እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ነበሩ። በ1902 በሚሲሲፒ ለአደን በወጡ ጊዜ ድብ ሳያገኙ ስለ ቆዩ መሪያቸው ሆልት ኮሊየር አንድ ድብ ይዞ ከዛፍ ጋር አሰረላቸው። ፕሬዚዳንቱ ግን የታሰረ አውሬ መተኮስ የስፖርት ሰው ሥራ አይደለም ብለው እምቢ አሉ፤ የቆሰለውም ድብ ከሥቃዩ እንዲያርፍ አዘዙ። ወሬው በጋዜጣ ሥዕል ወጥቶ በሕፃናት ዘንድ የታወቀው «ቴዲ ቤር» የሚባለው አሻንጉሊት ስሙን ከዚህ አገኘ። የክበቡ ትምህርት በአጭሩ፥ አውሬው ነጻና የዱር መሆን አለበት፤ አዳኙም አውሬው የማምለጥ ተስፋ እስኪያጣ ድረስ ያልተገባ ብልጫ ሊኖረው አይገባም የሚል ነው። ስለዚህ ክበቡ ማምለጥ በማይቻልበት አጥር ውስጥ የተገደለውን እንስሳ አይመዘግብም። ሳፋሪ ክለብ ኢንተርናሽናል የተባለው ሌላው ማኅበር ግን በአጥር ውስጥ የተገደሉትን ለብቻ ለይቶ ይመዘግባል። አዳኞቹ ራሳቸው በነገሩ አለመስማማታቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ነቃፊዎቹ የሚሉት እንዲህ ነው። አጋዘኑ በመኖ አድጓል፤ በሰዓት የሚሠራ መሣሪያ በየማለዳው በቆሎ ይበትንለታል፤ የመኪና ድምፅ ለምዷል። አዳኙ ደግሞ በእኛ አገር ማሳ ጠባቂ እንደሚወጣበት ባለ ማማ ላይ ወንበር ይዞ፥ አጉሊ መነጽር በተገጠመለት ጠመንጃ፥ በቆሎ ለመብላት አንገቱን የደፋውን ይተኩሳል። ለመሆኑ ዶሮውን በጥሬ ጠርቶ የሚያርድ ባለቤት አዳኝ ይባላልን? ይህ ትችት ከባድ ነው።

የደጋፊዎቹም መልስ ቀላል አይደለም። አንደኛ፥ የቴክሳስ ቁጥቋጦ እሾሃማና ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ በእግር እየዞሩ መፈለግ አውሬውን ማባረር ብቻ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፥ በማማ ላይ የተቀመጠ ሰው ጊዜ ወስዶ ዕድሜውን ይመረምራል፤ በአንድ ጥይትም ያለ ብዙ ሥቃይ ይገድላል። ሦስተኛ፥ ተኩላ በጠፋበት አገር አጋዘን ካልተቀነሰ ሣሩንና ቁጥቋጦውን ጨርሶ በረኀብ ያልቃል። አራተኛ፥ አጋዘን ገንዘብ ባያስገኝ ኖሮ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ እርሻ ወይም የመኖሪያ መንደር በሆነ ነበር፤ ከእርሱም ጋር ወፉም ትንሹም አውሬ መጠለያ ባጣ ነበር።

እኛ ስንመዝነው ሁለቱም ወገኖች አጥር የሚለውን ቃል በአንድ ትርጉም ብቻ ይዘውት ይከራከራሉ። 100 ጋሻ የሚከብብ አጥርና አንዲት ጋሻ የማይሞላ በረት በስም አንድ ቢሆኑም በሥራ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ውስጥ አውራው ወቅቱን ሙሉ ሳይታይ ሊከርም ይችላል፤ በሁለተኛው ውስጥ ግን ቀኑ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት አጥር አለ ወይስ የለም ተብሎ ብቻ ሳይሆን፥ አዳኙ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል ወይስ አይችልም ተብሎ ነው። ግዳይ ካልተገኘ ክፍያ የለም የሚለው ውል የሚፈተነውም በዚህ ነው። ባለ ሰፊው ራንች እንዲህ ብሎ ሲዋዋል ኪሣራውን በራሱ ላይ ይወስዳል፤ ባለ በረቱ ግን ኪሣራ እንደማይኖር አስቀድሞ ያውቃል። ባዶ እጅ መመለስ በማይቻልበት ስፍራ አደን የለም፤ ግዢ ብቻ ነው ያለው።

የበሽታው ነገር

ከክብር ጥያቄ ሌላ የጤና ጥያቄም አለ። በ1967 በኮሎራዶ ግዛት ለምርምር በታጎሩ አጋዘኖች ላይ አንድ የሚያመነምን በሽታ ታየ። እንስሳው ይከሳል፥ ይንገዳገዳል፥ ምራቁ ይዝረበረባል፥ በመጨረሻም ይሞታል። መንሥኤው ፕሪዮን የተባለ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው። መድኃኒትም ክትባትም አልተገኘለትም፤ በአፈር ውስጥም ለብዙ ዓመት ይቈያል። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን ባይረጋገጥም የታመመውን ሥጋ መብላት አይመከርም። በ2012 በቴክሳስ በዱር አጋዘን ላይ፥ በ2015 ደግሞ በመዲና አውራጃ በአጥር ውስጥ በሚረባ ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ላይ ተገኘ። ትልቅ ቀንድ ለማግኘት ሲባል አውራዎች ከራንች ወደ ራንች በመኪና ስለሚጓጓዙ በሽታውም አብሮ ሊጓዝ ይችላል፤ እንስሳቱ በአንድ የመኖ ገንዳ ላይ ሲሰበሰቡም መተላለፉ ይቀላል። ችግሩ የከፋዩና የተከፋዩ ብቻ አለመሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አውሬው የሕዝብ ከሆነ፥ የአንዱ ሰው ትርፍ የሁሉንም ሀብት ሊያሳጣ ይችላል።

ግዛቶቹ ለጥያቄው የሰጡት መልስ የተለያየ ነው። የሞንታና ሕዝብ በ2000 በሰጠው ድምፅ በአጥር በሚረቡ እንስሳት ላይ በክፍያ መተኮስን ከለከለ። የሰሜን ዳኮታ ሕዝብ ደግሞ በ2010 ተመሳሳይ ሐሳብ ቀርቦለት ሳይቀበለው ቀረ። ሁለቱም ጎረቤታሞች፥ ሁለቱም የከብት አርቢ አገሮች ናቸው።

የኛ አስተያየት

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፥ ገንዘብ መክፈል ብቻውን የአዳኝን ጨዋነት አያጠፋም። ለመሬቱ፥ ለጥበቃውና ለአምስቱ ዓመት ትዕግሥት ዋጋ መክፈል ተገቢ ነው። ሁለተኛ፥ ክፍያው የእንስሳውን ሞት አስቀድሞ የሚያረጋግጥ ሲሆን ግን ስሙ መለወጥ አለበት። ከብቱን አርዶ የሚበላ ሰው አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ያረደውን በሬ አንበሳ ገደልሁ ብሎ የሚፎክርበት እንደ ሆነ ነው። በአገራችን ለግዳይ ክብር ይሰጥ የነበረው ገዳዩ ራሱም ለሞት ተጋልጦ ስለ ነበር ነው፤ የአጋዘን አዳኝ ሕይወቱን አያጋልጥም፤ ቢያንስ ድካሙንና ጊዜውን በከንቱ ለማጣት ሊጋለጥ ይገባዋል። ሦስተኛ፥ ዋጋው እየናረ በሄደ መጠን አደን የባለጸጎች ጨዋታ ብቻ ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስኮትላንድ ደጋማ አገር የበግ ግጦሽ የነበረው መሬት ለሀብታሞች የአጋዘን ማደኛ ሆኖ ሲከራይ የአገሩ ሰው በገዛ ተራራው ላይ እንግዳ ሆኖ ነበር። የሕዝብ ሀብት የተባለውን ሕዝቡ ካልደረሰበት፥ ሊጠብቀው የሚነሣሣበትም ምክንያት ይጠፋል።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአገራችን ተራሮች ብቻ የሚገኘውን የደጋ አጋዘን ለማደን የውጭ አገር ሰዎች ለመንግሥት ከፍ ያለ ክፍያ እየከፈሉ በተወሰኑ የአደን ቀበሌዎች ሲያድኑ ኖረዋል። በእኛ ዘንድ ሻጩ መንግሥት እንጂ ባለ ራንች አይደለም፤ እንስሳውም በሌላ በየትም ስለማይገኝ ስሕተት ቢሠራ ማረሚያ የለውም። ሆኖም ጥያቄው ያው ነው። ከክፍያው ምን ያህሉ በተራራው ሥር ለሚኖረው ገበሬ ይደርሰዋል? እርሱስ አጋዘኑን የእኔ ነው ይለዋልን?

የመምህራችን አባት ለጎረቤታቸው የተዉት የኋላ እግር ሥጋ በገበያ ብዙ አያወጣም ነበር። ነገር ግን ባለ መሬቱንና አዳኙን በዓመቱ እንደገና የሚያገናኝ ነበር። ያንን ዝምድና ገንዘብ ሊተካው ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን የምጣኔ ሀብትና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች አብረውን እንዲመረምሩት፥ መምህራኖቻችንም እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።